የምርምር ኮድ ከተመራማሪው በኋላ እንዲኖር፦ ሥልጠናው የሚጎድለው የት ላይ ነው?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀርቡ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ውስጥ፣ ስለ ጥናቱ ዘዴ በሚናገረው ምዕራፍ፣ «መረጃው በስቴታ ተተንትኗል» ወይም «ሞዴሉ በፓይተን ተሠርቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም (ስቴታ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ ፓይተን ደግሞ የፕሮግራም ቋንቋ ነው)። ከዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ጀርባ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የተጻፉ ትዕዛዞች፣ መስመሮች አሉ። የትኛው መጠይቅ እንደተጣለ፣ የጎደለው መረጃ በምን እንደተሞላ፣ ዕድሜ እንዴት እንደተሰላ የወሰኑት እነዚያ መስመሮች ናቸው። ፈታኙ አያያቸውም፤ አማካሪውም ቢሆን የሚያያቸው ከስንት አንዴ ነው። ተማሪው ሲመረቅ በላፕቶፑ ወይም በፍላሹ ይዟቸው ይሄዳል፤ በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ጥናት ሊያሰፋ የሚመጣው ሌላ ተማሪ ከባዶ ይጀምራል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የብሪታንያው የሶፍትዌር ዘላቂነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 በ15 የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከመለሱት ውስጥ 92 በመቶዎቹ የምርምር ሶፍትዌር እንደሚጠቀሙ፣ 69 በመቶዎቹ ያለ ሶፍትዌር ምርምራቸው የሚሆን እንዳልሆነ፣ 56 በመቶዎቹ ደግሞ ራሳቸው ሶፍትዌር እንደሚጽፉ ገልጸዋል። ከሚጽፉት መካከል 21 በመቶዎቹ በሶፍትዌር ሥራ ምንም ሥልጠና አልወሰዱም። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሳይንቲስቶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናትም፣ አብዛኞቹ የሚተማመኑት በራሳቸው ጥረት በተማሩትና ከባልደረባ በቀሰሙት ላይ እንጂ በመደበኛ ትምህርት ላይ እንዳልሆነ አሳይቷል። በላብራቶሪ ያለ ሚዛን በየጊዜው ይፈተሻል፣ የተፈተሸበት ቀንም ይመዘገባል። ዛሬ ከማንኛውም ሚዛን በላይ ውጤት የሚወስነው ኮድ ግን እንዲህ ያለ ቁጥጥር ሳይደረግበት ወደ ኅትመት ያልፋል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የአጭር ጊዜ ሥልጠና ነው፤ መሰጠቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥልጠናው ተማሪውን ብቻ ይዞ አማካሪውን፣ ፈታኙንና የቅጥር መመሪያውን እስከተወ ድረስ፣ የተማረው ልማድ ተማሪው ወደ ክፍሉ በተመለሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ስሕተቱ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስክሪፕስ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው የጄፍሪ ቻንግ ቡድን በሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኙ ፕሮቲኖችን ቅርጽ በማውጣት ስመ ጥር ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የአንድ ተዛማጅ ፕሮቲን ቅርጽ ሲያሳትሙ ቀድሞ ከወጣው ጋር አልገጥም አለ። ነገሩ ሲጣራ ቡድኑ ለራሱ የሚጠቀምበት አንድ ፕሮግራም ሁለት የመረጃ ዓምዶችን አቀያይሮ መገኘቱ ታወቀ። አምስት ጽሑፎች ተሻሩ፤ ከመካከላቸው ሦስቱ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተሙ ነበሩ። ፕሮግራሙ በመሐል አልቆመም፣ የስሕተት መልእክትም አላሳየም፤ ለዓመታት የተሳሳተ ውጤት ሲሰጥ ቆየ እንጂ። ኮምፒውተር ቆሞ «አልችልም» ሲል የሚያበሳጨን ቢሆንም፣ ለሳይንስ የሚያሰጋው ሳይቆም የሚሳሳተው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ አስተማሪ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የኮዱ ጸሐፊዎች ጥንቁቆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች የሞለኪውሎችን የኤንኤምአር (በመግነጢስ የሚደረግ የሞለኪውል ምርመራ) መለኪያ የሚያሰሉ የፓይተን ስክሪፕቶችን፣ ማለትም አጫጭር ፕሮግራሞችን፣ ከዝርዝር መመሪያ ጋር ለሁሉም ክፍት አድርገው አሳተሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ቡድን ስክሪፕቶቹን በተለያዩ ኮምፒውተሮች ሲያስኬዳቸው፣ ተመሳሳይ ፋይሎች እየተሰጧቸው የተለያየ ቁጥር አወጡ። መንስኤው ስክሪፕቱ የፋይሎቹን ዝርዝር ከኮምፒውተሩ የሚቀበልበት ትዕዛዝ ነበር። ትዕዛዙ ፋይሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጡ ዋስትና አይሰጥም፤ ኮዱ ግን ሁልጊዜ ተደርድረው እንደሚመጡ አድርጎ ነበር የተጻፈው። አንዱ የዊንዶውስ ወይም የማክ ዝርያ ደርድሮ ሲያመጣ ሌላው እንዳሻው ያመጣል። ስክሪፕቶቹን የጠቀሱ ከ150 የሚበልጡ ጽሑፎች ጥርጣሬ ውስጥ ወደቁ። ማስተካከያው ግን ፋይሎቹን የሚደረድር አጭር ትዕዛዝ መጨመር ብቻ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ኮድን ክፍት ማድረግ አይጠቅምም የሚል አይደለም፤ ስሕተቱ የተገኘው ኮዱ ክፍት ስለነበረ ነው። የሚያሳየው፣ ጥሩ ኬሚስት መሆንና በጥሩ እንግሊዝኛ መመሪያ መጻፍ ኮዱ በሌላ ማሽን ላይ እንዴት እንደሚሆን ለመገመት በቂ አለመሆናቸውን ነው። ያ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ ሥልጠናም ይፈልጋል።

ኮድ የሚበላሸው ስሕተት ስላለበት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ሲሄድና በዙሪያው ያለው ሶፍትዌር ሲቀየርም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች ከጽሑፎቻቸው ጋር በሃርቫርድ ዳታቨርስ (በኢንተርኔት የሚገኝ የምርምር መረጃ ማከማቻ) ያስቀመጧቸውን፣ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ከ9,000 የሚበልጡ ፋይሎች እንደገና ለማስኬድ ሞክሮ ነበር። 74 በመቶዎቹ በመጀመሪያው ሙከራ እስከ መጨረሻው ሳይሄዱ ቀሩ፤ በአውቶማቲክ መንገድ ከተስተካከሉ በኋላም 56 በመቶዎቹ አልሠሩም። እነዚህ ደራሲዎቻቸው ለሌላ ሰው ክፍት አድርገው ያስቀመጧቸው ፋይሎች መሆናቸውን ልብ ይሏል። በፍላሽ የቀሩት እንዴት ሊሆኑ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም።

የኮቪድ ወረርሽኝ ደግሞ ጉዳዩን በሕዝብ ፊት አወጣው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ለወሰዳቸው ውሳኔዎች ግብዓት ከሆኑት አንዱ የወረርሽኙን ስርጭት በኮምፒውተር የሚተነብየው የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሞዴል ነበር። የቡድኑ መሪ ኒል ፈርጉሰን ኮዱ ከ13 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ የተጻፈ፣ ማብራሪያ የሌለው ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ በሺዎች የሚቆጠር መስመር እንደሆነ በይፋ ገለጹ። ኮዱ ተስተካክሎ ከወጣ በኋላ በካምብሪጅ የሚገኝ ሌላ ተመራማሪ አስኪዶት ቡድኑ በሞዴሉ ላይ ተመሥርቶ ያወጣውን ሪፖርት ዋና ዋና ውጤቶች መልሶ ማግኘት ችሏል። ሞዴሉ ያን ያህል የተሳሳተ አልነበረም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሕዝብ መልስ በሚጠብቅበት ሰዓት ብዙ ጉልበት የፈሰሰው «ኮዱን ማመን ይቻላል ወይ?» በሚለው ክርክር ላይ ነበር። ያን ጉልበት ለመቆጠብ ኮዱን ከዓመታት በፊት ማሰናዳት ይጠይቅ ነበር።

ታዲያ ተመራማሪን ምን እናስተምረው? የፕሮግራም ቋንቋ ማስተማር ብቻውን አይበቃም። ፓይተን ወይም አር የሚያውቅ ሰው ኮድ መጻፍ ይችላል፤ የጻፈው ኮድ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥበት፣ ለውጡን የሚመዘግብበትና ለሌላ ሰው የሚያስረክብበት ልማድ ግን ከቋንቋው ጋር አብሮ አይመጣም። ይህን በአንድ የአገር ቤት ምሳሌ ላሳይ።

ብዙ የሕዝብ ጤና ተመራማሪዎቻችን የሚጠቀሙበት የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ቀኖችን የሚመዘግበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የልደት ወር፣ የጋብቻ ወር፣ የቃለ መጠይቁ ወር ሁሉ ከ1900 መጀመሪያ አንሥቶ በተቆጠሩ ወራት ይቀመጣሉ። መስከረም 2009 ዓ.ም. 1309 ሆኖ ይመዘገባል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያው ወር ሴፕቴምበር 2016 ስለሆነ ቁጥሩ 1401 ነው። ልዩነቱ 92 ወር፣ ማለትም 7 ዓመት ከ8 ወር ነው። ስለዚህ መረጃውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከተመዘገበ ሌላ መረጃ ጋር፣ ለምሳሌ ከሳተላይት የዝናብ መረጃ ጋር፣ ማገናኘት የሚፈልግ ተመራማሪ በእያንዳንዱ ቀን ላይ 92 ይደምራል።

ይህን ድምር አንድ ሰው ቢረሳው ምን ይሆናል? የልጁ ዕድሜ በትክክል ይወጣል፤ የልደቱም የቃለ መጠይቁም ወር በአንድ አቆጣጠር ስላሉ ልዩነታቸው አይለወጥም። ሠንጠረዡ ያምራል፣ ቁጥሮቹም የታወቁትን ይመስላሉ። ልጁ የተገናኘው ግን ከመወለዱ 7 ዓመት ከ8 ወር በፊት ከዘነበ ዝናብ ጋር ነው። ቀመሩ «ምንም ተጽዕኖ አልተገኘም» ይላል፣ ተመራማሪውም ይህንኑ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ ከባልደረባው የተቀበለው ፋይል አስቀድሞ የተቀየረ መሆኑን ሳያውቅ ዳግመኛ 92 ይደምር ይሆናል።

ጥሩ ሥልጠና እዚህ ላይ ሦስት ነገር ያስተምራል። በመጀመሪያ፣ 92 የሚለውን ቁጥር በኮዱ ውስጥ በአሥር ቦታ ከመበተን ይልቅ ስም ባለው አንድ አነስተኛ ፈንክሽን (በስሙ ተጠርቶ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ማኖርና ለምን እንደተደመረ አጠገቡ መጻፍ። ቀጥሎ፣ ፈንክሽኑ ትክክል መሆኑን መልሱ በሚታወቅ ጥያቄ መፈተሽ፦ 1309 ሲሰጠው 1401 ካልመለሰ ኮዱ ይቁም። በመጨረሻም፣ መረጃውን ራሱን መጠየቅ፦ ከቃለ መጠይቁ በኋላ የተወለደ ልጅ አለ ወይ? ከአምስት ዓመት በታች ተብለው የተመዘገቡት ልጆች የልደት ዓመት ጥናቱ ከመካሄዱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ይወድቃል ወይ? ወር በ12 በሚቆጠርበት በዚህ አሠራር ጳጉሜን ላይ የተወለደ ልጅ የት እንደሚመደብም የኮዱ ማብራሪያ መናገር አለበት። ይህን ሁሉ ለመሥራት የሶፍትዌር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ግን አንድ ሰው ማሳየት አለበት።

ከፍተሻው ቀጥሎ የማስቀምጠው የሥሪት ቁጥጥርን፣ ማለትም በፋይል ላይ የተደረገን እያንዳንዱን ለውጥ መዝግቦ መያዝን ነው። «ትንተና_የመጨረሻ»፣ «ትንተና_የመጨረሻ_2»፣ «ትንተና_አማካሪ_ያዩት» የሚሉ ፋይሎች የሞሉበት ፎልደር የማያውቅ ተመራቂ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ (የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና) ሥራ የተፈጠረው ጊት የተባለ ፕሮግራም እያንዳንዱን ለውጥ ከቀኑ፣ ከባለቤቱና ከምክንያቱ ጋር ይመዘግባል፤ በሦስተኛው ወር የወጣው ሠንጠረዥ በየትኛው የኮድ ሁኔታ እንደተሠራ መልሶ ማየት ይቻላል። በአገራችን ሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ፦ ጊት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የጊት ሥራዎች በኢንተርኔት ከሚቀመጡበት ከጊትሃብ ጋር ስለሚምታታ ኔትወርክ የሌለበት ካምፓስ ላይ የማይሞከር ነገር ይመስላል፤ ታሪኩ ሁሉ ግን በራሱ በተመራማሪው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። ሌሎቹን፣ ማለትም የተጠቀሙበትን የፓኬጅ (ሌሎች አዘጋጅተው ያቀረቡት የኮድ ስብስብ) ሥሪት መመዝገብን፣ አጠቃቀሙን የሚገልጽ ፋይልና የፈቃድ ፋይል ማያያዝን፣ ለመልመድ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

አሰጣጡን በተመለከተ ከሌሎች ልምድ የምንወስደው አለ። ሶፍትዌር ካርፔንትሪ የተባለው ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላብራቶሪ ሲጀመር የአንድ ሳምንት ኮርስ ነበር፤ በኋላ ወደ ሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከዳታ ካርፔንትሪ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ዘ ካርፔንትሪስ ይባላል፤ የማስተማሪያ ጽሑፎቹም ማንም ወስዶ እንዲያሻሽላቸው ክፍት ናቸው። አሠልጣኙ ስላይድ አያሳይም፤ በሠልጣኞች ፊት ኮዱን እየጻፈ ያሳያል፣ እነሱም አብረው ይጽፋሉ። እየጻፈ ሲሳሳት ስሕተቱን እንዴት እንደሚያነብና እንደሚያርም ሁሉም ያያል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሁለት ቀለም ያላቸው ተለጣፊ ወረቀቶች ይያዛል፤ የተቸገረ አንዱን ቀለም በላፕቶፑ ላይ ሲለጥፍ ረዳቱ ወደ እሱ ይመጣል። በአደባባይ «አልገባኝም» ማለት በሚከብድበት እንደ እኛ ባለ ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ዘዴ ትልቅ ዋጋ አለው።

እኔ የምጨምረው ሠልጣኙ የራሱን መረጃና የራሱን ኮድ ይዞ እንዲመጣ ነው። በሌላ አገር መረጃ ሲለማመድ የሰነበተ ሰው ወደ ራሱ ፋይል ሲመለስ ከየት መጀመር እንዳለበት ይጠፋዋል። የሁለት ቀኑ ሥልጠና ደግሞ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በሚደረግ የአንድ ሰዓት የኮድ ንባብ ካልተከተለ ፍሬው አነስተኛ ነው። በንባቡ ላይ አንድ ተማሪ የራሱን ሃምሳ መስመር ያቀርባል፣ ሌሎቹ ይጠይቁታል። ማብራሪያው በአማርኛ ወይም ተማሪዎቹ በሚግባቡበት በሌላ ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል፤ ትዕዛዞቹ እንደ ቃላቸው ይቆያሉ፣ ምክንያታቸው ግን ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ሲነገረው ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ተማሪው ሠልጥኖ ሲመለስ አማካሪው የሚጠይቁት ስለ ውጤቱ ነው፤ ስለ ፍተሻው የሚጠይቅ የለም። የመመረቂያው ቀን ሲቃረብ ፍተሻ መጻፍ እንደ ቅንጦት ይታያል፣ ተማሪውም ወደ ድሮው ልማዱ ይመለሳል። በዚህ ተማሪውን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የሚመዘንበትን ነገር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከተማሪው እኩል፣ ምናልባትም ቀድመው፣ አማካሪዎች መሠልጠን አለባቸው። የእነሱ ሥልጠና ኮድ መጻፍን ሳይሆን ኮድን መጠየቅን የሚያስተምር መሆን ይኖርበታል፦ ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ካንተ ሌላ ይህን ኮድ ያስኬደው ማን ነው? መረጃው ቢለወጥ የትኛው መስመር ያስጠነቅቅሃል? እነዚህን ለመጠየቅ የግማሽ ቀን ዝግጅት በቂ ነው።

በአማርኛ ቋንቋ ቴክኖሎጂ የሚመራመሩ ተማሪዎችን ሥራ ብንመለከት የጠያቂ አማካሪ ጥቅም በግልጽ ይታያል። ማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ ለሞዴል ከመሰጠቱ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ ማድረግ ወይም እንደተለያዩ መተው ያስፈልጋል። ጽሑፉ «የፊደል ማስተካከያ ተደርጓል» ብሎ ካለፈና ኮዱ ካልተገኘ፣ የሁለት ጥናቶችን ውጤት ማወዳደር አይቻልም፤ ልዩነቱ ከሞዴሉ ይምጣ ከፊደሉ አይታወቅም። በተቃራኒው፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥርና ቅጥያ የሚተነትነውን ሆርንሞርፎን ከነኮዱ ክፍት አድርገው በመልቀቃቸው፣ ተከታዮቹ ተመራማሪዎች የግሥ ርቢን ከመጀመሪያው መጻፍ ሳይጠበቅባቸው ሥራቸውን በእሱ ላይ መገንባት ችለዋል።

በፖሊሲ ረገድ መነሻ አለን። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቃለች፤ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ምርምሮች በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ያዛል። ጽሑፉ በሚቀመጥበት ቦታ ኮዱም አብሮ ቢቀመጥ ተጨማሪ ወጪው ኢምንት ነው። የሕሙማን መረጃ ምስጢራዊነት እዚህ ላይ እንደ እንቅፋት ሲነሣ እሰማለሁ፤ ስጋቱ እውነተኛ ቢሆንም ኮድና መረጃ የተለያዩ ናቸው። መረጃው ተዘግቶ ኮዱ በሰው ሠራሽ ናሙና ሊፈተሽ ይችላል፤ ጥንቃቄው ስም ወይም የካርድ ቁጥር በኮዱ ውስጥ ተጽፎ እንዳይወጣ ነው።

ሌላው ክፍተት የሰው ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኦክስፎርድ በተካሄደ ስብሰባ ላይ «የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ» የሚል የሥራ መጠሪያ የወጣው፣ በየዩኒቨርሲቲው ኮድ የሚጽፉ ነገር ግን በጽሑፍ ብዛት ስለሚመዘኑ ዕድገት የማያገኙ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ በብሪታንያ የራሳቸው የሙያ ማኅበር ኖራቸው። በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች የሁሉንም ሰው ስክሪፕት የሚያቃና አንድ ትጉ ረዳት መምህር አይጠፋም፤ ድካሙ በደረጃ ዕድገት ላይ ካልተቆጠረለት ግን ወደ ባንክ ወይም ወደ ውጭ አገር ቢሄድ አይፈረድበትም። አንድ እንዲህ ያለ ቋሚ መደብ ለአንድ ኮሌጅ ከብዙ ዐውደ ጥናቶች ይበልጥ ይጠቅማል።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ኮድ መጻፍን አቅልለዋል፤ ከዚህ በኋላ ሥልጠና አያስፈልግም የሚሉም አሉ። እኔ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። ያልጻፈውን ኮድ የሚያስኬድ ተማሪ ትክክለኛነቱን የሚያውቀው በፍተሻ ብቻ ነው። 92ቱን ወር መደመር እንዳለበት ለቻትጂፒቲ ያልነገረ ተማሪ፣ ያማረና የማይቆም ግን የተሳሳተ ስክሪፕት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊቀበል ይችላል።

አንድ የትምህርት ክፍል ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጀመር አይጠበቅበትም። በሚቀጥለው የመመረቂያ ወቅት፣ ተማሪው ጽሑፉን ለፈታኙ ሲያስረክብ የኮዱን ፎልደር አብሮ ያስረክብ። ከጥናት ክፍሉ የተመደበ አንድ ሌላ ተማሪ ፎልደሩን በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ፣ ከጽሑፉ አንድ የተመረጠ ሠንጠረዥ ለማውጣት ይሞክር፤ የገጠመውንም በግማሽ ገጽ ጽፎ ለፈታኙ ይስጥ። ሠንጠረዡ ካልወጣ ተማሪው አይጣል፤ እንደ ማንኛውም የፈታኝ አስተያየት አስተካክሎ እንዲመልስ የተለመደው የእርማት ጊዜ ይሰጠው። የተስተካከለው ፎልደርም ከጽሑፉ ጋር በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ።